ተስፋ መቁረጥ የሙእሚን ባህሪ አይደለም!

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የጋዜጠኝነት ሥራዬ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ያዞረኛል። ለመድረሳ ማሠሪያ ገንዘብ በሚዋጣበት፣ የእድር ደንብ በሚሻሻልበት፣ ወጣቶች ተደራጅተው ሥራ ለመጀመር በሚመክሩበት ቦታ ሁሉ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ሐሳቡ ተነግሮ ሳያልቅ «ይሄ እንኳ አይሆንም፤ ስንቱ ተሞክሮ ቀረ!» ይላል። የሚገርመው ይህ ሰው አዋቂና ነገር የገባው ተደርጎ መታየቱ ነው። «እስቲ በአላህ እንሞክር» ያለው ግን የዋህ ይባላል።

ነገሩ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። «ይሆናል» ያለ ሰው ነገ ይጠየቃል። ገንዘቡ የት ደረሰ? ግድግዳው ለምን አልቆመም? ይባላል። «አይሆንም» ያለውን ግን ማንም ሒሳብ አይጠይቀውም። እንዲያውም እሱን ሰምተን ሥራውን በተውነው ቁጥር «ብያችሁ አልነበረም?» ለማለት ይመቸዋል። ጨለምተኝነት እንዲህ ዋጋ የማያስከፍል አዋቂነት ስለሆነ በመካከላችን በዛ። ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው ሳይሆን ሳይሠራ በቀረው መድረሳ ውስጥ መማር የነበረበት ልጅ ነው።

እስልምና ይህን በሽታ ገና ከጧቱ ነው የተዋጋው። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች መንገድ ሊወጡ ሲሉ ወፍ ያስነሡ ነበር። ወፏ ወደ ቀኝ ከበረረች ይሄዳሉ፤ ወደ ግራ ከበረረች ጉዟቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ «ጢየራ» ይባላል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ጢየራን ከልክለው «ፈእል»ን እንደሚወዱ ተናገሩ። ፈእል ምን እንደሆነ ሲጠየቁም አንድ ሰው የሚሰማው መልካም ቃል መሆኑን አስረዱ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እስቲ እናስተውል! ጢየራ ሰውየውን ምን አደረገው? ስንቅ ቋጥሮ፣ ግመል ጭኖ የተነሣውን ሰው ከደጁ መለሰው። ንግዱ ቀረ፣ ዘመድ ጥየቃው ቀረ። ወፏ ስለ ገበያው የምታውቀው ነገር አልነበረም። የኛም ዘመን «አይሆንም» ብዙውን ጊዜ ከዚያች ወፍ የተሻለ ማስረጃ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈልጋለሁ። ተስፋ ማለት እጅን አጣጥፎ መመኘት አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊ «ኢሕያኡ ዑሉሙዲን» በተባለው ኪታባቸው ይህን በገበሬ ምሳሌ አስረድተዋል። መልካም መሬት መርጦ፣ ጥሩ ዘር ዘርቶ፣ ውሃ አጠጥቶና አረሙን ነቅሎ ምርቱን ከአላህ የሚጠብቅ ገበሬ ተስፋ አለው ይባላል። ውሃ በማይደርስበት ጨዋማ መሬት ላይ ዘርቶ፣ ዞር ብሎም ሳያይ አዝመራ የሚጠብቅ ግን ተስፈኛ ሳይሆን ራሱን ያታለለ ነው። ስለዚህ ተስፋ ከሰበብ አይለይም። ሥራ የሌለበት ተስፋ ምኞት ነው፤ ተስፋ የሌለበት ሥራ ደግሞ በመጀመሪያው እንቅፋት ላይ ይቆማል።

«ችግሩ እኮ እውነት ነው፤ እንዴት አንዘን?» የሚል ይኖራል። ማን አትዘኑ አለ? ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ኀዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ ማልቀሳቸውን ቁርአን ይነግረናል። በዚያው በሱረቱ ዩሱፍ ግን ልጆቻቸውን ሂዱና ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነትም ተስፋ አትቁረጡ ብለው ሲያዝዙ እናገኛቸዋለን። ዓይናቸው እያለቀሰ ፈላጊ ላኩ! ማዘን የሰውነት ባሕርይ ነው። ፍለጋውን ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) አለቀሱ እንጂ ፍለጋውን አላቆሙም፤ ልጃቸውንም አገኙ።

የኸንደቅን ዘመቻ ደግሞ እንመልከት። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ 10 ሺህ ያህል የጠላት ሠራዊት በመዲና ላይ ተነሣ። በሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ምክር ሙስሊሞች ምሽግ መቆፈር ያዙ። ብርዱ ከባድ ነበር። ረሀቡ ከመጽናቱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሆዳቸው ላይ ድንጋይ አስረው ነበር። በቁፋሮው መሐል ያስቸገረ አለት ሲመቱ የሻም፣ የፋርስና የየመን ቁልፎች እንደተሰጧቸው አበሠሩ። ሙናፊቆቹ ይህን ሲሰሙ ተሳለቁ። ለመጸዳዳት እንኳ ወጣ ማለት ለሚፈራ ሰው የኪስራን ሀብት ተስፋ ይሰጡታል አሉ። ሱረቱል አሕዛብ እንደሚነግረንም ከፊሎቹ ቤታችን ለጠላት ተጋልጧል እያሉ ወደ ቤት ለመመለስ ፈቃድ ይጠይቁ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሁለቱም ወገኖች የቆሙት በአንድ ቦታ ነው። ብርዱ አንድ ነው፣ ረሀቡ አንድ ነው፣ የጠላት ብዛትም አንድ ነው። አንደኛው ወገን ቆፈረ፣ ሌላው ፈቃድ ጠየቀ። መዲናን ያዳናት የቆፋሪዎቹ ምሽግ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ብሥራቱን የተናገሩት ከጥላ ሥር ተቀምጠው አልነበረም፤ መቆፈሪያውን ጨብጠው ነው። በ16ኛው ዓመተ ሂጅራ የፋርስ መናገሻ መዳኢን በሙስሊሞች እጅ ስትገባ እርሳቸው በሕይወት አልነበሩም። ቁፋሮውን ያመላከተው ሰልማን ግን በዑመር (ረ.ዐ) ዘመን የዚያችው የመዳኢን ገዥ ሆኖ ተሾመ።

«እነሱ ሶሐቦች ናቸው፤ እኛ ማን ነን?» እንዳይባል ወደ ገዛ አገራችን እንምጣ። ቅዱስ ቁርአን በአማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ሲታተም፣ ከዚያ በፊት ዐረብኛ የማያውቀው የከተማ ሙስሊም የጌታውን ቃል ትርጉም በአገሩ ቋንቋ የሚያነብበት መጽሐፍ አልነበረውም። ከተርጓሚዎቹ አንዱ የነበሩት ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመጅሊስ የመጀመሪያው ሰብሳቢ ሆኑ። የዚያን ጊዜ ሙስሊም ጉዳዩ በመንግሥት ዘንድ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ተብሎ ነበር የሚጠራው፤ እንደ እንግዳ ማለት ነው።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በመቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ አደባባይ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያዊ ሙስሊሞች ተብለን እንጠራ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ፣ የራሳችን ድርጅት ይኑረን የሚሉ ጥያቄዎች ለመንግሥት ቀረቡ። በ1967 ዓ.ም. ዒዱል ፊጥር፣ ዒዱል አድሐና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. መጅሊስ ተመሠረተ። ይኸው መጅሊስ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. ነው። ከሰልፉ 46 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! በሰልፉ ቀን የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ሰው አዋጁን ለማየት 86 ዓመት መኖር ነበረበት። ብዙዎቹ ሳያዩት ወደ አኼራ ሄደዋል። «በእኔ ዕድሜ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ቤታቸው ቢቀሩ ኖሮ ዛሬ ዒድን በእረፍት ቀን የምንሰግድ ልጆቻቸው ምን እናገኝ ነበር?

ከወለድ ነፃ የባንክ ጉዳይም እንዲሁ ነው። ራሱን የቻለ ከወለድ ነፃ ባንክ ለማቋቋም የተነሡ ሰዎች ለዓመታት በር ተዘግቶባቸው ቆይቷል፤ የተፈቀደው በነባር ባንኮች ውስጥ በመስኮት መሥራት ብቻ ነበር። «አላልኳችሁም?» የሚለው ሰው ያን ጊዜ ብዙ ተናግሯል። በ2011 ዓ.ም. ሲፈቀድ ግን ቀድሞ ያስቡበትና የደከሙበት ሰዎች ነበሩና ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዕድል ሲመጣ የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ሰው ነው፤ ይሆናል ብሎ ያላሰበ ሰው ደግሞ አይዘጋጅም። ተስፋ ዘላቂ ለውጥ የሚያመጣበት ምሥጢር ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱ 100 ተማሪዎች ማለፊያውን ያገኙት 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። አስደንጋጭ ቁጥር ነው፤ መደበቅ አይገባም። ጥያቄው ይህን ቁጥር ይዘን ምን እናደርጋለን የሚለው ነው። በእራት ሰዓት ልጁ እየሰማ «ተምሮስ ማን አለፈለት?» የሚል አባት ወፏን ወደ ግራ እያስበረረ ነው። ልጁም ሰምቶ ደብተሩን ይዘጋል፤ ወደ በረሃና ወደ ባሕር የሚወስደውን ደላላ ቃል ማድመጥ ይጀምራል። ደላላው ሐሰተኛም ቢሆን ተስፋ ይሸጣል። እኛ እውነተኛውን ተስፋ ከነፈግነው ልጁ ሐሰተኛውን ይገዛል።

በየመስጂዳችን ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለችውን ሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያስጠኑባት ምን ይከብዳል? በዚህ ዓመት ከ20 ልጅ 2 ቢያልፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት እነዚያ ሁለቱ አስጠኚ ይሆናሉ። «አይሆንም» የሚለውም ወንድማችን ይምጣ፤ ችግሩን ቀድሞ ማየት ይችላልና ወንበርና መብራት የጎደለበትን ቦታ እሱ ይቁጠርልን። ስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ ልማድ እናውጣ። አይሆንም ያለ ሰው ሁሉ ታዲያ ምን ይሻላል ተብሎ ይጠየቅ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በእጁ የተምር ችግኝ የያዘ ሰው ቂያማ ሊቆም ቢል እንኳ መትከል ከቻለ እንዲተክላት አዘዋል። የዚያችን ዛፍ ፍሬ ማንም እንደማይበላ እየታወቀ! የእኛ ሁኔታ ከዚያ ቀን አይብስም፤ ከሥሯ የሚቀመጥ፣ ፍሬዋንም የሚበላ ልጅ አለን።

አላህ (ሱ.ወ) ከእዝነቱ ተስፋ ከማይቆርጡት፣ ተስፋቸውንም በሥራ ከሚያስመሰክሩት ያድርገን። ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን!

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።