«እኛ» እና «እነርሱ»፦ ከሐርላ ፍርስራሽ የምናገኘው ትምህርት

ሰው ያለ ወገን አይኖርም። ቋንቋውን፣ ስሙን፣ የሠርግና የለቅሶ ሥርዓቱን፣ የጸሎት ልማዱንም ሳይቀር የሚቀበለው ከተወለደበት ማኅበረ ሰብ ነው። ስለዚህ «የራስን ወገን መውደድ ኃጢአት ነውን?» ተብለን ብንጠየቅ፣ መልሳችን «አይደለም» የሚል ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ወገንን መውደድ ሌላውን ወደ መጥላት የሚሻገረው በምን ጊዜ ነው?» የሚለው ነው። ይህንን ጥያቄ በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል ከሚገኝ አንድ ጥንታዊ ሥፍራ ተነሥተን እንመረምራለን።

ሐርላ በድሬዳዋና በሐረር መካከል የሚገኝ፣ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ያለበት መንደር ነው። በዚያ የሚኖሩት የኦሮሞ ገበሬዎች ከእርሻቸው መካከል የቻይና ሳንቲምን የመሳሰሉ እንግዳ ዕቃዎች ሲያገኙ ኖረዋል። የግንቡ ድንጋዮች እጅግ ትላልቅ ስለ ነበሩም፣ እነዚህን ያነሡት ተራ ሰዎች ሳይሆኑ ግዙፋን ናቸው የሚል አፈ ታሪክ ሲነገር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር በመተባበር ባካሄዱት ቁፋሮ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ የመቃብር ሥፍራና የጌጣጌጥ መሥሪያ ተገኙ። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች፣ ከሕንድ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም ወጡ። ግዙፋን ግን አልተገኙም። በሐርላ የኖሩት እንደ እኛው ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ የአገሬው ተወላጆችና ከሩቅ የመጡ እንግዶች አብረው ይሠሩና ይነግዱ ነበር።

ይህ አፈ ታሪክ ማንንም የጎዳ አይደለም። ሆኖም የአእምሯችንን አንድ ልማድ ያሳየናል፤ ይኸውም በቅርብ የማናውቀውን ሕዝብ በሰው ልክ አለመለካታችን ነው። ስናደንቀው ግዙፍ እናደርገዋለን፤ ስንፈራው አውሬ፣ ስንንቀው ደግሞ ከሰው በታች እናደርገዋለን። በሌላ በኩል ጠፉ የተባሉት ሐርላዎች ፈጽመው አልጠፉም። በሐረሪ፣ በሶማሌና በአፋር ዘንድ፣ በኦሮሞም መካከል፣ ትውልዳቸውን ከሐርላ የሚቆጥሩ ወገኖች አሉ። «እነርሱ» ብለን የምንጠራቸው የጥንት ሰዎች «እኛ» በምንለው ውስጥ ደማቸው አለ ማለት ነው።

በ«እኛ»ና በ«እነርሱ» መካከል ያለው ድንበር ምን ያህል በቀላሉ እንደሚሠመር ያሳየን ሄንሪ ታጅፈል የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ታጅፈል በፖላንድ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ቤተ ዘመዶቹን በናዚዎች ጭፍጨፋ ያጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ በብሪስቶል ከተማ የሚኖሩ ተማሪዎችን የሁለት ሠዓሊያንን ሥዕሎች አሳይቶ «ይህን የመረጣችሁ፣ ያን የመረጣችሁ» በማለት በሁለት ወገን ከፈላቸው፤ እውነተኛው ድልድል ግን በዕጣ ነበር። ልጆቹ ከወገናቸው ማን እንዳለ እንኳ አያውቁም ነበር። ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሲጠየቁ ግን ለወገናቸው አደሉ። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ ብዙዎቹ ወገናቸው የበለጠ ገንዘብ ሊያገኝ ሲችል፣ ያንን ትተው ከሌላው ወገን የሚበልጥበትን ልዩነት መምረጣቸው ነው።

እንግዲህ ከላይ ያነሣነው ጥያቄ መልስ እዚህ ላይ ይገኛል። ለልጆቻችን እንጀራን መመኘት ፍቅር ነው፤ የጎረቤታችን ልጆች እንዲያጡ ብለን የራሳችንን እንጀራ እስከ ማሳነስ ከደረስን ግን ወገንን መውደዳችን ወደ ጥላቻ ተሻግሯል።

ይህ ነገር ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን አካባቢ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ በድሬዳዋ የተጠለሉም ነበሩ። በተከታዩ ዓመትም በራሷ በድሬዳዋ፣ አራት ቋንቋ በሚነገርባትና በፍቅር ከተማነቷ በምትታወቀው ከተማ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ለብዙ ዘመን በጉርብትና መኖር ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ከዚህ እንረዳለን።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ በቱርክ የተወለደ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ፣ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በውድድር አጋጠማቸው። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ የአንዱ ቡድን ሰንደቅ በሌላው ተቃጠለ። ልጆቹ አብረው እንዲበሉ ቢደረግም ጠቡ አልበረደም፤ እንዲያውም በምግብ ተወራወሩ። ጠባቸው እየለዘበ የሄደው የሰፈሩ ውኃ ተቋርጦ መንሥኤውን አብረው ሲፈልጉ፣ ምግብ ያመጣል የተባለውን መኪናም በአንድ ገመድ ሲስቡ ነበር። አብሮ መብላት መልካም ቢሆንም አብሮ መድከምን አይተካም።

በደቻቱ ወንዝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 የወረደው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ሲወስድ የማንንም ቋንቋ አልጠየቀም። የጋራ የሆነ ጎርፍ ካለን፣ የጋራ የሆነ ግድብም ሊኖረን ይገባል።

ጌታችንም «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ድንበር አላሠመረም፤ ከተናቀው ወገን የሆነውን ሳምራዊ በምሳሌ አቅርቦ፣ ጠያቂው ራሱ ባልንጀራ እንዲሆን አዘዘው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2020 «ፍራቴሊ ቱቲ» በተሰኘው መልእክታቸው አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚሁ ምሳሌ ሰጥተዋል።

ስለዚህ ውድ ምእመናን፣ በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በየቁምስናችን ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ በቤታችንም ሆነ በትምህርት ክፍል «እነርሱ ሁሉም እንዲህ ናቸው» የሚል ንግግር ሲነሣ፣ «ከእነርሱ መካከል በስሙ የምታውቀው ማንን ነው?» ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከሌላ እምነትና ቋንቋ ጎረቤቶቻችን ጋር የምንገናኘው በበዓል ቀን ብቻ አይሁን፤ የጉድጓድ ውኃ በማጽዳት፣ ችግኝ በመትከል፣ የታመመን በመጠየቅ ትከሻችንን አብረን እናድክም። አብሮን የደከመን ሰው ግዙፍ ወይም አውሬ አድርገን ማየት አይቻለንም፤ ላቡን አይተናልና።