ከአጀንዳ ውጭ የሆነ ጥያቄ

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በቀበሌ ማኅበር ሲያደራጅ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች በማኅበሩ እጅ አስገባ። ስለዚህም ዛሬ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በተባለው አካባቢ፣ እንደ ሌላው አዲስ አበባ ሁሉ፣ ለጽዳት ዘመቻ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ስለሚያፈስ ጣሪያ ቢጠይቁ የሚያስደንቅ አልነበረም። «ከአጀንዳ ውጭ ነው!» የሚለው ቃል ሥርዓት ማስከበሪያ ነው፤ የስንፍና መሸሸጊያ የሆነበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። እርግጥ የአንድ ቤት ጣሪያ የመቶ ሰው ሰዓት መብላት የለበትም። ይሁን እንጂ አጀንዳውን የቀረጹት ጠያቂዋ አይደሉም። ጉባዔው የመልስ ዕዳ ባይኖርበት ሰብሳቢው አለበት፤ «እማማ፣ ይህ የቤቶች ጉዳይ ነው፣ ከስብሰባው በኋላ ይቆዩኝ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። በአደባባይ የተገሠጹት እናት በሚቀጥለው ስብሰባም ይገኛሉ፤ ስለ ጽዳቱ ሲጠየቁ ግን አንድ ቃል አይተነፍሱም።