ቢሲክሌትን በቤት ስለ ማበጀትና ለባለሙያ ስለ መስጠት

ሰው የገዛ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ በገዛ እጁ ማበጀት ይገባዋልን? ወይስ ለባለሙያ መስጠት ይሻለዋል? ጥያቄው ሲሰሙት የኪስና የጊዜ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠጋ ብለው ሲመረምሩት ግን በውስጡ ሦስት ነገር ይገኛል፤ ይኸውም ባለቤት ለገንዘቡ ያለበት ጥበቃ፤ ለሠራተኛ የሚገባው ክብርና ዋጋ፤ በመንገድ ለሚያልፍ ባልንጀራ ሕይወት መጠንቀቅ ነው። ነገሩም በአየር ላይ እንዳይቀር በአንድ በታወቀ ዕቃ፣ በቢሲክሌት፣ ቢመዘን መልካም ነው።

ቢሲክሌት አካሉ በግልጽ የሚታይ መሣሪያ ነው። መሪው፣ ፔዳሉ፣ ሰንሰለቱ፣ ፍሬኑ፣ መንኰራኵሩን የያዘው ራጂ ሁሉ በዐይን ፊት ነው። ስለዚህ ያየው ሁሉ «ይህንስ እኔም አበጀዋለሁ» ቢል አያስደንቅም፤ አሳቡም ከንቱ አይደለም። በነፋስ የተሞላውን ጎማ ለቢሲክሌት ያበቃው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት ከተማ የከብት ሐኪም ነበር እንጂ የጎማ ሠራተኛ አልነበረም። ቶምሰን የተባለ ሰው ከእርሱ በፊት አስቦት የነበረ ቢሆንም፣ ደንሎፕ ይህን ሳያውቅ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ቢሲክሌት ብሎ ሠራው፤ በ1888 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመብት ጽሑፍ ተሰጠው። በሌላው ወገን ደግሞ ኦርቪልና ዊልበር ራይት የተባሉት ወንድማማቾች በ1892 በዴይተን ከተማ የቢሲክሌት መሸጫና ማደሻ ከፈቱ፤ በዚያ ሱቅ ያካበቱት የእጅ ጥበብ በ1903 በሞተር ወደሚበረው አይሮፕላን አደረሳቸው። እንግዲህ ቤትም ሱቅም ለዓለም ፍሬ ሰጥተዋልና፣ በቦታው ብቻ አንዱን አመስግኖ ሌላውን መንቀፍ አይቻልም። የሚመረመረው የሰውየው ልብ ነው።

በከተማ ሁለት ዐይነት ሰዎች ይታያሉ። አንደኛው ሰንሰለቱ ዘይት አጥቶ ሲጮኽ፣ ጎማው ሲለሰልስ እያየ ዝም ብሎ ይነዳል፤ እስኪሰበርም ቆይቶ ለሠራተኛ ይልከዋል። ስለ ምን ቢሉት ጊዜ የለኝም ይላል፤ ነገር ግን ጎማ ለመንፋት የሚበቃው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ጊዜ አይበልጥም። እውነተኛው ምክንያት ግራሶ የነካው እጅ ስለሚያሳፍረው ነው። ሁለተኛው ሰው የዚህ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሁሉን በቤቱ ይፈታል፤ «ብሎን አዙሮ ይህን ያህል ገንዘብ!» እያለም ባለሙያውን ያማል። ሁለቱን የያዛቸው በሽታ ግን አንድ ነው። ፊተኛው የእጅ ሥራ ለእኔ ያንሳል ይላል፤ ኋለኛው የእጅ ሥራ ዋጋ አይገባውም ይላል፤ ሁለቱም ሥራውን ንቀዋል።

ይህ ንቀት በኢትዮጵያ ሥር ሰድዶ የኖረ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ፣ ሕዝቡ በእጁ ሥራ እየኖረ በስሙ ይሰድበው ነበር። ስለዚህም ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ ግን አንደበትን ይገታል እንጂ ልብን አያቀናም፤ ልብ የሚቀናው ሥራውን ቀርበው ባዩት ጊዜ ነው።

የተጣመመ መንኰራኵር ለማቅናት አንድ ጊዜ የሞከረ ሰው ይህን ይረዳዋል። በአንድ መንኰራኵር 32 ወይም 36 ራጂ ይገኛል። ወደ ግራ ያጋደለውን ለመመለስ በዚያ ስፍራ የቀኙን ማጥበቅ፣ የግራውን ማላላት ነው፤ ነገሩ በቃል ይህን ያህል አጭር ነው። በእጅ ሲሠሩት ግን አንዱ ሲቀና ሌላው ይጣመማል፤ ከልክ በላይ ያጠበቁት እንደ ሆነ ክቡ እንቍላል ይመስላል። ግማሽ ቀን ደክሞ ያላቃናውን፣ ባለሙያው በጥቂት ደቂቃ ሲያቃናው ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ የተከፈለው ለደቂቃው ሳይሆን ለዓመታት ትምህርት መሆኑን ያውቃል፤ በዋጋም አይከራከርም። እንግዲህ በቤት መሞከር ዕቃን ማዳን ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ድካም በትክክል ለመመዘንም ያስተምራል።

ነገር ግን ድፍረት ዕውቀት አይደለም። የቀኙ ፔዳል እንደ ማናቸውም ብሎን ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈታል፤ የግራው ፔዳል ግን በሚነዱት ጊዜ እንዳይላላ በተቃራኒ የተሠራ ስለ ሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጕልበቱ ታምኖ ያጠብቀዋል እንጂ አይፈታውም፤ በመጨረሻም ጥርሱን ያበላሸዋል። ይህ ጥፋት የገዛ ገንዘቡን ይጎዳል፤ የፍሬን ጥፋት ግን ከዚህ ይከብዳል። የፍሬኑን ገመድ የያዘችው ብሎን ትንሽ ናት፤ በቍልቍለት ብትለቅ ጕዳቱ መንገድ ለሚያቋርጠው ሕፃንም ይተርፋል። ሰው በገዛ ገንዘቡ ለመማር ነጻ ነው፤ በባልንጀራው አካል ለመማር ግን ማንም አልፈቀደለትም። ቢሲክሌት እያከራየ የሚኖር ሰውማ ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባዋል፤ የሚቀመጥበት ሌላ ነውና።

ወሰኑ እንዴት ይታወቃል የተባለ እንደ ሆነ፣ የቁም ጸሐፊ ልማድ ያስረዳል። ጸሐፊ መቃውን ራሱ ይቀርጻል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ ይህን ለሌላ የተወ ጸሐፊ ሙያው ጎደሎ ነው። ድጕሰቱን ግን ካልተማረው ለደጓሹ ይሰጣል፤ በዚህም ክብሩ አይቀንስም። በቢሲክሌትም እንዲሁ ነው። ማጠብ፣ መንፋት፣ ዘይት መቀባት፣ የላላ ብሎን መመልከት የባለቤቱ ዕለታዊ ግዴታ ነው። ሰንሰለቱንም በማስመሪያ ሊለካው ይችላል፤ ከችንካር እስከ ችንካር ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊሜትር ነውና፣ 24 ክፍል በአዲስነቱ 12 ኢንች ይሆናል፤ ከዚያ ላይ የኢንች 1/16 ያህል ከረዘመ የሚለወጥበት ጊዜ ደርሷል፤ ቸል ቢሉት የጥርሱን መንኰራኵር ይበላዋል። ኵሽኔታውን ማውጣት፣ ራጂውን ማቃናት፣ የተሰነጠቀ ብረት መበየድ ግን መሣሪያው ላለውና ለተማረው የሚተው ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሁሉም ቀዳዳውን በቤቱ ቢለጥፍ፣ በመንገድ ዳር የውሃ ሳሕኑን አስቀምጦ አረፋ እያየ ቀዳዳ የሚፈልገው ጎሚስታ ምን ይበላል? በደንብ የተያዘ ቢሲክሌት ብዙ ዘመን ስለሚነዳ ለከባዱ ሥራ ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ የተጣለው ግን በጓሮ ዝጎ ለማንም እንጀራ አይሆንም ተብሎ ሊመለስ ይቻላል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አይበቃም። እንጀራው ቀዳዳ መለጠፍ ብቻ የሆነ ሰው አለና። ስለዚህ ደመወዝ ያለው ሰው መለጠፍ እያወቀ፣ ከእፍረትም ከስንፍናም ሳይሆን የድኻውን ዕለት አስቦ ለእርሱ ቢሰጥ መልካም አደረገ፤ ቍጠባ ሁልጊዜ ምግባር አይደለም። ሳንቲም የቸገረው ተማሪም ከመነዳሪውን በራሱ እጅ ቢለጥፍ ማንንም አልበደለም። አንድ ሥራ በሁለት ሰዎች እጅ ሁለት ፍርድ አለው።

የሁሉ መጀመሪያ ግን ማወቅ ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ የታመመውን ስፍራ ለይቶ የማይናገር ባለቤትም ባለሙያውን ሊረዳው አይችልም፤ ያልተበላሸውን ተለወጠ ሲሉትም ይከፍላል። ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ወደ ሱቅ በመጣ ጊዜ ቅን ሠራተኛ ደስ ይለዋል፤ ድካሙን የሚያይለት ዐይን አግኝቷልና። የሚከፋው አታላይ ብቻ ነው።