«ቀደር ነው» የምንለው መቼ ነው?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከኪታብ የተነሣ አይደለም፤ ከአንድ የበሰበሰ ጣውላ ነው። አፍንጮ በር ልጆች የምናስቀራበት ቤት ወደ ላይኛው ክፍል የሚያወጣ አሮጌ የእንጨት ደረጃ አለው። ሦስተኛው ጣውላ በስብሶ ነበር። ሲረገጥ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ልጆቹን «በጠርዙ በኩል ርገጡ» እላቸዋለሁ። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት አናጢ እጠራለሁ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ አራት ወር አለፈ። ከዚያም በክረምት፣ ዝናብ በጣለበት አንድ ማለዳ፣ ጣውላው ተሰበረና አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወድቆ ክንዱ ተሰበረ።

እናቱ ተጠርታ መጣች። እኔም እንደ ልማዴ «አይዞሽ እህቴ፣ ቀደር ነው» አልኳት። እርሷም ሳትቆጣ፣ ድምጿንም ከፍ ሳታደርግ፣ «አልሐምዱሊላህ። ለእኔ ቀደር ነው ኡስታዝ፤ ተቀብያለሁ። ለእርስዎ ግን ደረጃው አደራ ነበር» አለችኝ። ልጇን ይዛ ወደ ሐኪም ቤት ሄደች። እኔ የምመልሰው አጥቼ ቀረሁ።

ሃያ ዓመት ሙሉ ስለ ቀዷና ቀደር አስተምሬአለሁ። የዚያን ቀን ግን ቃሉን ለምን እንደተናገርኩት ራሴን ጠየቅሁ። ሴትዮዋን ላጽናና ነው ወይስ ራሴን ልሸፍን?

በዚያው ሰሞን አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሊጠይቀኝ መጣ። እርሱ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተልኮ የአውሮፕላን ጥገና የተማረ ሰው ነው። የሆነውን ነገርኩት። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ኡስታዝ፣ እኛ የተማርነው ሁሉ ይኸው ነው። አውሮፕላን በአንድ ምክንያት አይወድቅም። ብዙ ትናንሽ ነገሮች ተሰልፈው ይጠብቁታል። ያንተም ጣውላ አራት ወር ተሰልፎ ጠብቋል» አለኝ። ከዚያም በሶቪየት ዘመን የደረሱ አደጋዎችን ይተርክልኝ ጀመር። እነዚህ አደጋዎች ዛሬ በግልጽ የታወቁ ስለሆኑ ሦስቱን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ነሐሴ 5 ቀን 1971 ዓ.ም. (ኦገስት 11 ቀን 1979 እ.ኤ.አ.) በዩክሬን ሰማይ ላይ የደረሰው ነው። ሁለት ቱፖሌቭ 134 አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው የ178 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከነዚህም መካከል ከታሽከንት ተነሥቶ ለውድድር ወደ ሚንስክ ይጓዝ የነበረው የኡዝቤኪስታን እግር ኳስ ቡድን፣ ፓኽታኮር፣ ይገኝበታል። የሙስሊሞች አገር የምትኮራባቸው ወጣቶች በአንድ ቀን አለቁ። ምክንያቱ ምን ነበር? ሰማዩ በአውሮፕላን ተጨናንቋል፤ በሥራው ላይ የተቀመጠው የበረራ ተቆጣጣሪ ገና ወጣትና ልምድ የሌለው ነው። የከፍታ ለውጥ ትእዛዝ በሬዲዮ ተሰጠ፤ የተቆራረጠ መልስ ተሰማ። ተቆጣጣሪው የታዘዘው አውሮፕላን የመለሰ መሰለው። የመለሰው ግን ሌላ አውሮፕላን ነበር። «ማን ነህ? ድገምልኝ» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ጥቂት ሰኮንዶች በበቁት ነበር።

ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1977 ዓ.ም. (ኦክቶበር 11 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.) በሳይቤሪያ በኦምስክ ከተማ የደረሰው ነው። ሊነጋጋ ሲል ዝናብ ይዘንባል። የጥገና ሠራተኞች መንደርደሪያውን በመኪና ለማድረቅ ፈቃድ ጠየቁ። የምድር ተቆጣጣሪው ፈቀደላቸው። ነገር ግን መንደርደሪያው መያዙን የሚያመለክተውን መብራት አላበራም። ከዚያም እንቅልፍ ወሰደው። በቤቱ ሕፃናት ነበሩትና ለቀናት በቂ እንቅልፍ አላገኘም ነበር። አውሮፕላኑ መጣ፤ መንገዱ ክፍት ነው ተባለ፤ አርፎም ከመኪኖቹ ጋር ተጋጨ። 178 ሰዎች ሞቱ። ከነዚህም አራቱ መኪኖቹ ውስጥ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው።

ሦስተኛው ጥቅምት 10 ቀን 1979 ዓ.ም. (ኦክቶበር 20 ቀን 1986 እ.ኤ.አ.) በኩይቢሼቭ ከተማ የደረሰው ነው። ይህቺ ከተማ ዛሬ ሳማራ ትባላለች። ዋናው አብራሪ ውጭውን ሳያይ በመሣሪያ ብቻ ማሳረፍ እንደሚችል ከረዳቱ ጋር ተወራረደ። መስኮቱንም በመጋረጃ አስጋረደ። መሣሪያዎቹ ሲያስጠነቅቁት አልሰማም። ከ94 ሰዎች 70ዎቹ ሞቱ፤ እርሱ ግን ተረፈ፤ ለፍርድም ቀረበ።

ልብ በሉ ወገኖቼ! ሦስቱን አንድ ላይ ማየት ፍትሕ አይሆንም። የኩይቢሼቩ በሰው ነፍስ መቀለድ ነው። የዩክሬኑ ወጣት ተቆጣጣሪ ግን ከአቅሙ በላይ ሥራ የተሰጠው ሰው ነው። የኦምስኩም የደከመ አባት ነው። የተኛ ሰው እስኪነቃ ድረስ ብዕር ከርሱ ላይ እንደተነሣ፣ ማለትም ኃጢአት እንደማይጻፍበት፣ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት እናውቃለን። ታዲያ በእርሱ ላይ ምን እንላለን?

እዚህ ላይ ፊቅህ የሚያስተምረን ጥልቅ ነገር አለ። የሐነፊ ዑለሞች ተኝቶ ሳለ ተገላብጦ ሌላውን ስለገደለ ሰው ተነጋግረዋል። ሰውየው አላሰበም፤ አላወቀም። ቢሆንም ፍርዱን በስህተት ከገደለ ሰው ፍርድ ጋር አቆራኝተውታል። በስህተት የገደለ ደግሞ ለሟች ቤተሰብ የደም ካሣ (ዲያ) ይከፈልለታል፤ እርሱም ከፋራ አለበት። ባሪያ ነፃ ማውጣት ያልቻለ ሁለት ወር በተከታታይ ይጾማል። እንግዲህ አስተውሉ። ሟቹ የሞተው በቀኑ ነው፤ ከአጀሉ አንዲት ደቂቃ አልጎደለበትም። ይህን የምታስተምረን ሸሪዓ ናት። በስህተት የገደለውን ሰው «ቀደር ነውና ወደ ቤትህ ሂድ» ያላለችውም ይህችው ሸሪዓ ናት። ሁለቱን አብራ ይዛቸዋለች። አንዱን ይዘን ሌላውን የጣልነው እኛ ነን።

ጎረቤቴ ከነገረኝ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የአደጋዎቹ ብዛት አይደለም፤ ከአደጋው በኋላ የነበረው ዝምታ ነው። በሶቪየት ኅብረት የአገር ውስጥ አውሮፕላን ሲወድቅ ጋዜጣ አብዛኛውን ጊዜ አይጽፍም ነበር። የኦምስኩ አደጋ ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል። ቤተሰብ ሬሣ ይቀበላል፤ ለምን እንደሞተበት ግን አይነገረውም። ያ መንግሥት ሃይማኖትን የካደ ስለነበር «ቀደር ነው» አይልም። ጥያቄን የሚከድንበት የራሱ ክዳን ነበረው፤ ዝምታ! እኛ ደግሞ አላህን እናምናለን፤ ግን አንዳንዴ በተከበረው የኢማን ቃል ያንኑ ክዳን እንሠራበታለን። የእኔ «ቀደር ነው» የዚያን ቀን ከእነርሱ ዝምታ በምን ተለየ?

«ምክንያት መጠየቅ የአላህን ውሳኔ መጠራጠር አይሆንም ወይ?» የሚለን ወንድም ይኖራል። መልሱን ሰሓቦች ሰጥተውናል። ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን የሚል መልስ ሰጧቸው። ግመሎቹን ከደረቅ ሜዳ ወደ ለምለም ሜዳ የሚነዳ እረኛንም ምሳሌ አደረጉላቸው፤ በሁለቱም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነውና። ኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ወረርሽኝ ወዳለበት አገር አትግቡ የሚለውን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ነገሯቸው። ስለዚህ በሽታው ቀደር ነው፤ መጠንቀቁም ቀደር ነው። ጣውላው መበስበሱ ቀደር ከሆነ መዶሻና ሚስማር መኖራቸውም ቀደር ነበር።

ከሩቅ አገር ወደ ቤታችን እንመለስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፤ ሞተሮቹ ግን ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ያለ ጎማ መሬት ላይ ወድቆ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። «ርግብን ማን ይከሳል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በዓለም ላይ ያሉ የአየር ማረፊያ ሰዎች በዚህ አላበቁም። በየማረፊያው ሣር ያጭዳሉ፤ ቆሻሻ ያርቃሉ፤ ወፎችን በድምፅ ያባርራሉ። የሞተር ሠሪዎችም የሞተ ወፍ እየወረወሩ ሞተራቸውን ይፈትናሉ። ርግብን መክሰስ ባይቻልም ከርግብ መጠንቀቅ ይቻላል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የደረሰብንን ደግሞ ማን ይረሳል? ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም ላይ ከአንድ ጠቋሚ መሣሪያ ብቻ መረጃ የሚቀበል ሥርዓት የተሳሳተ ምልክት ደርሶት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ገፍቷል። አብራሪዎች ስለዚህ ሥርዓት መኖር ከመጀመሪያው አደጋ በፊት አልተነገራቸውም። ከመጀመሪያው አደጋ በኋላም ማሳሰቢያ ተላከ እንጂ አውሮፕላኖቹ አልቆሙም። ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ የጫኑም ነበሩ። የቆሙት የእኛዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ኩባንያ ሁለት ሠራተኞቹ የአሜሪካን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ማሳሳታቸውን አምኖ ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

እስቲ አስቡት! የሟች እናት «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» ስትል ኢባዳ ነው፤ ሰብሯ በአላህ ዘንድ ተጽፎላታል። አውሮፕላኑን የሠራው ሰው ያንኑ ቃል ቢናገር ግን ከተጠያቂነት ማምለጫ ይሆንለት ነበር። ቃሉ አንድ ነው፤ የተናጋሪው ቦታ ግን ይለያያል። የተጎዳው ሰው «ቀደር ነው» ይበል። አደራ የተሰጠው ሰው አስቀድሞ «አጠፋሁ» ይበል፤ ያጎደለውን ያስተካክል፤ የሚካስ ካለ ይካስ። ከዚያ በኋላ ነው ለእርሱም ቀደር መጽናኛ የሚሆነው።

ይህ የአውሮፕላን ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። በክረምት ብርድ እሳት ያለበትን ከሰል ወደ መኝታ ቤት የሚያስገባ አባወራ፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ እያየ የሚያልፍ አከራይ፣ ፍሬኑ እንደላላ እያወቀ ተሳፋሪ የሚጭን ሾፌር፣ መድኃኒት ልጅ በሚደርስበት ቦታ የምታስቀምጥ እናት፣ ሁላችንም በየቤታችን ተቆጣጣሪዎች ነን። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ዙሩ። «በሚቀጥለው ሳምንት» ያላችሁት ነገር የቱ ነው?

እኔ ደረጃውን አሠራሁ። የልጁን ሕክምና ከፈልኩ። ወላጆችንም ሰብስቤ ጣውላው መበስበሱን አራት ወር ሙሉ አውቅ እንደነበር ነገርኳቸው። ከቀደር ትምህርት ሁሉ የከበደኝ ያ ንግግር ነበር። ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ፤ መብታቸው ነው። የተጎዳው ልጅ ግን ተመልሶ መጣ። ክንዱ ድኗል፤ ትንሽ ጎበጥ ብሎ ስለገጠመ ግን እጁን ለዱዓ ሲያነሣ አንደኛው ከሌላው ዝቅ ይላል። ባየሁት ቁጥር እናቱ ያለችኝ ይሰማኛል።

አላህ (ሱ.ወ.) በውሳኔው የምንረካ፣ አደራችንን የምንጠብቅ፣ ስናጠፋም «አጠፋሁ» ለማለት የማናፍር ያድርገን። በአየርም በምድርም በድንገት የተለዩንን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሰብሩን ይስጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።