ፊውዙን የሚቆጣ አለቃ

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ምክሩ ከብዙ ጣጣ አድኖን ይሆናል። ዛሬ ግን በስደት አገር ከመካከላችን በሆስፒታል፣ በመሣሪያ መገጣጠሚያ ፋብሪካና በምህንድስና ክፍል የምንሠራ አለን፤ ለሌሎች አለቃ ለመሆን የበቁም አሉ። እንግዲህ ልጠይቅዎ፤ የሕክምና መሣሪያ የሚሠሩ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች አደጋ እያዩ ዝም ቢሉና ሰው ቢጎዳ፣ ጥፋቱ የዝምተኞቹ ነው ወይስ የመሪያቸው?

አንድ የታወቀ ታሪክ ላንሣ። ቴራክ-25 የተባለው በካናዳ የተሠራ የካንሰር ማከሚያ የጨረር መሣሪያ፣ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ባለው ጊዜ በአሜሪካና በካናዳ ስድስት በሽተኞችን ከመጠን ባለፈ ጨረር ጎድቷል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ከእርሱ በፊት የነበረው ቴራክ-20 ከኮምፒዩተሩ ነፃ የሆነ መከላከያ ነበረው። በአዲሱ መሣሪያ ግን ይህ ጥበቃ ለኮምፒዩተር ፕሮግራሙ ተተወ። በኋላ ሲመረመር፣ ከስሕተቶቹ አንዱ በአሮጌውም ፕሮግራም ውስጥ መኖሩ ታወቀ፤ በአሮጌው ግን ፊውዝ ይቃጠል ነበር እንጂ ሰው አይቃጠልም ነበር።

በ1986 መጋቢት ወር በቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ አንድ በሽተኛ ተጎዳ። የአምራቹ መሐንዲሶች መጥተው መረመሩ፤ መሣሪያው ከመጠን በላይ ጨረር ሊሰጥ አይችልም ተባለ። ሥራ በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሌላ በሽተኛ በዚያው ዓይነት ተጎዳ። ሁለቱም ሞቱ። የስሕተቱን ምክንያት ያገኙት የሕክምና ማዕከሉ የፊዚክስ ባለሙያና መሣሪያውን የምታንቀሳቅሰው ሠራተኛ ናቸው። እርሷ ቁልፎቹን እንዴት ባለ ፍጥነት እንደ ነካች አስታውሳ፣ አብረው ደጋግመው ሞክረው፣ ያንኑ ስሕተት አወጡት።

ፊውዝ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ሥራውም ነገር ሲበላሽ ራሱን አቃጥሎ ማስቆም ነው። በሥራ ቡድን ውስጥም «ይህ ነገር አላማረኝም» የሚል ሰው ፊውዝ ነው። አይኢሲ 60601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ የሕክምና መሣሪያ አንድ ክፍሉ ቢበላሽ እንኳ በሽተኛውን ለአደጋ እንዳያጋልጥ ሆኖ እንዲሠራ ይጠይቃል። ለሽቦው ይህን ያህል ከታሰበ፣ ለሰዉስ? አለቃም ሊበላሽ የሚችል አንድ ክፍል ነው። እርሱ ሲሳሳት የሚያስቆመው ማን ነው?

«በተጠረጠረ ቁጥር ሥራ ከቆመ መሣሪያው መቼ ለበሽተኛ ይደርሳል?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው፤ መዘግየትም ይገድላል። ስለዚህ ውሳኔው የአለቃው ይሁን። ነገር ግን ጥርጣሬውን የመስማት፣ በጽሑፍ የማስፈርና መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ችግር አለ?» ብሎ ጠይቆ «የለም» ሲሉት ደስ ብሎት የሚወጣ አለቃ ምንም አላወቀም። ባለፈው ወር እውነቱን የተናገረችውን ሠራተኛ በሰው ፊት አዋርዷት እንደሆነ፣ የዛሬው ዝምታ የእጁ ሥራ ነው።

ዝም ያለውም ነፃ አይደለም። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ የቤት ኪራዩ፣ አገር ቤት የሚልከው ገንዘብ አፉን እንደሚይዘው ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም። መናገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል የሚተምነው አለቃው ነው፤ ስለዚህ የዝምታውንም ዕዳ አብላጫውን የሚሸከም እርሱ ነው።

በስብሰባው ላይ የማይገኝ አንድ ሰው አለ፤ ነገ መሣሪያው ሥር የሚተኛው። ስለዚህ አለቃ ከሆኑ፣ በዚህ ሳምንት በማዕረግ ከሁሉ ዝቅ ያለውን ሠራተኛ ለብቻው ጠርተው «ምን ያሰጋሃል?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚሰሙት ባይጥምዎትም አመስግነው ይሸኙት። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሥራ ቤትም ይሠራል።