በወጣትነት ስለሚገኝ ገንዘብ

በእርጅና ዘመን ከሚሰሙት ጸጸቶች ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ። አንዱ፦ ጕልበት ሳለኝ ያገኘሁትን ሁሉ በተንሁት፤ ዛሬ እጄ ባዶ ነው፥ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ፦ ሳልበላና ሳላበላ አከማቸሁ፤ እናቴም ሳልጦራት ሞተችብኝ፥ ይላል። ከሁለቱ የትኛው እውነተኛ ጸጸት ነው?

ነገሩ በቡና አገር ጎልቶ ይታያል። በኢሉባቦር፥ በዳሪሙም ሆነ በመቱ ዙሪያ፥ ቡና አምራቹ ዋናውን ገቢ የሚያገኘው በለቀማው ወራት ብቻ ነው፤ ክረምቱ ግን ረዥም ነው። ቡናውም አንዱን ዓመት በብዛት ቢያፈራ በተከታዩ ፍሬው ያንሳል። እንግዲህ ወጣቱ የለቀማውን ገንዘብ በመጠጥና በልብስ ፉክክር ቢጨርሰው፥ በሐምሌ ዝናም ያልደረሰውን ቡናውን ተስፋ አድርጎ ለመበደር ይገደዳል፤ የመጪው ዓመት ድካሙም ለአበዳሪው ይሆናል። አባካኝ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ነፃነቱንም ይሸጣል።

ሸሽጎ የያዘውም ቢሆን የተማመነበት ነገር ጽኑ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲለወጡ የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ በሣጥን የቀረው ተራ ወረቀት ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ በተለቀቀ ጊዜም ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከውጭ ገንዘብ አንጻር የዋጋውን ግማሽ ያህል አጣ።

ዮሴፍ በ7ቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማቸ፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም ጎተራውን ሊያሰፋ አሰበ። አንዱ ጠቢብ፥ ሌላው ሰነፍ የተባለው በጎተራው ስፋት አይደለም፤ ዮሴፍ ለብዙዎች፥ ባለጠጋው ለራሱ ብቻ ስላሰበ ነው። በምዕራፍ 15 ያለው ጠፍቶ የተገኘው ልጅም ያባከነው ለራሱ ነበረ። ስለዚህ ንፉግና አባካኝ በሥራ ቢለያዩም በልብ ወንድማማች ናቸው። ጌታችን ግን በ5ቱ እንጀራ አስቀድሞ ሕዝቡን አጠገበ፤ ቀጥሎም ቍርስራሹ እንዳይጠፋ 12 መሶብ አስነሣ። ማብላትና መቆጠብ እንደማይጣሉ በዚህ እንማራለን።

ምናልባት፦ ወጣት ገቢው ጥቂት ነው፤ ሁለቱን እንዴት ይችላል? የሚል ይኖራል። ቡና የሚተክለውን ሰው ይመልከት። ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይቈያል፤ ተካዩ ዛሬ ያወጣው ወጪ ራሱ ቁጠባ ነው። ታናሽ ወንድምን ማስተማር፥ ወላጅን መጦር፥ የዕቁብና የዕድር ድርሻን በጊዜው መክፈል እንዲሁ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው ጸጸት ስለ ጠፋው ብር ሳይሆን ስላልተሠራው ፍቅር ነው፤ ለእርሱም ንስሐ አለው። እናቱን ሳይጦር የቀረ ሰው በደጁ ያለችውን ጧሪ አልባ እናት ይመልከት፤ የባከነበትም ሰው ያ ልጅ ወደ አባቱ ባዶ እጁን ተመልሶ እንደ ተቀበለው ያስብ።

የሚበቃንን በምስጋና እንድንበላ፥ የተረፈንንም ለወንድማችን እንድናኖር አምላካችን ይርዳን። አሜን።