ባለቤቱ ካልጮኸ

የካፋ ወገኖቼ፣ የቦንጋ ልጆች፣ እስቲ ረጋ ብለን እንምከር። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለው የለ አበው። ወደ ቀያችን ተመራማሪ በመጣ ቁጥር፣ የበግ ደም ሲቀዳ፣ ስለ ውሻችን ሲጠየቅ፣ «በኛ ከብት የባሕር ማዶ ሰው ምን አገባው?» የሚል አይጠፋም። መጠየቁ ደግ ነው። መልሱን ግን አባቶቻችን ካዩት መከራ እንፈልገው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ አገራችን ቢጫ ወባ ገባ። መቶ ሺህ ያህል ሰው ታሞ ሠላሳ ሺህ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የአዲስ አበባው ፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ነገሩን ተከታትለው መረመሩት። በሽታው በጫካ ከጦጣና ከጉሬዛ ይኖራል፤ ወደ ሰው የምታሻግረው ትንኝ ናት። ትንኟስ የት ትፈለፈላለች? ከጓሯችን! የእንሰቱ ቅጠል ከግንዱ የሚጋጠምበትን ብብት ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ዝናብ ሲያባራ ውሃ አቁሮ ይቆያል። ትንኟ እዚያ ትራባለች። ቆጯችንን የሚሰጠን እንሰት ምን በደለ? ነገር ግን የጫካው፣ የጓሮውና የሰው ጤና አንድ መሆኑን የጓሮው ባለቤትና የመርማሪው ዓይን ካልተገናኙ ማን ያውቀዋል?

ስለዚህ እንግዳን አትግፉ፤ ሁሉን ለእንግዳ ጥላችሁም አትቀመጡ። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። የበጎቻችንን ነገር ተመልከቱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፎቹ የምርምር ድርጅቶች ከኢካርዳና ከኢልሪ ጋር ሆኖ የቦንጋን በግ ማሻሻል ሲጀምር፣ አውራውን የመረጠው አርቢው ራሱ ነው። ሥራው የጸናውም ለዚህ ነው። በሽታ መከላከልም እንዲሁ ይሁን።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 የአገራችን የሰውና የእንስሳት ሐኪሞች ከአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጋር ተቀምጠው ከእንስሳት ወደ ሰው ከሚተላለፉት ከሁሉ የሚቀድሙትን አምስት በሽታዎች ለዩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባ ሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ከውሻ የሚተላለፈው የኮሶ ትል እጭ። ዝርዝሩ አዲስ አበባ ይጻፍ እንጂ በሽታዎቹ የሚታዩት በኛ በረት ነው። በግ ብታስወርድ ጽንሱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ለውሻም አትጣሉ። ስታርዱ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ካገኛችሁ ቅበሩት። በድንገት የሞተን ከብት ሥጋው አሳዝኗችሁ አትብሉ፤ የአንድ በሬ ዋጋ የቤተሰብ ሕይወት አያህልም። ወተት አፍሉ። ውሻችሁን አስከትቡ። ውሻ የነከሰውን ሰው ቁስል ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለምና።

ከሁሉ በላይ አትደብቁ። «ከብቴ ታመመ ብል ገበያ ይዘጋብኛል» ብሎ ዝም ያለ ሰው በሽታውን ለጎረቤቱ ይሸጣል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። ዘግይቶ መናገርም ከዝምታ ብዙ አይሻልም፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን።

እናንተም ተመራማሪዎች፣ ከሩቅም ኑ ከቅርብ፣ ደሙን ወስዳችሁ መልሱን አታስቀሩ። ያገኛችሁትን ለባለ በጉ በሚገባው ቋንቋ ንገሩት። ለምን እንደምትቀዱ ሳያውቅ እጁን ዛሬ ቢዘረጋላችሁ ነገ በሩን ይዘጋባችኋል። የቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንም ናሙና ተሸካሚ ብቻ ሆነው አይቅሩ፤ ጠያቂም መርማሪም ይሁኑ።

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም»። የካፋ ሰው ሆይ፣ ባለቤቱ አንተ ነህ። ከብትህ ሲታመም ለእንስሳት ሐኪሙ ቶሎ ተናገር፣ ለሚረዳህ በርህን ክፈት፣ የሰጠኸውን ናሙና መልስም ሳታፍር ጠይቅ።